«ነሲብ»፣ «ዘር» እና «እርሾ»፤ ስለ ነሲብ መሰል ቁጥሮች አመንጪ የአማርኛ ስያሜዎች

፩. የጥያቄው መነሻ

የሳይንስና የቴክኒክ ቃላትን ወደ አማርኛ የሚመልስ ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው ቃል በማጣት አይደለም፤ ከሚገኙት ቃላት መካከል የነገሩን አሠራር የማያዛባውን ለይቶ በመምረጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምራቸው ስያሜዎች ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ይሆናሉ። እንግሊዝኛው «ራንደም»፣ «ሱዶ ራንደም» እና «ሲድ» የሚላቸው ቃላት በኮምፒውተር ትምህርት ውስጥ ተለያይተው የማይሄዱ ናቸው። ለየብቻቸው ሲታዩ ቀላል ይመስላሉ፤ «ራንደም» ዘፈቀደ ነው፣ «ሲድ» ዘር ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን በዚህ መንገድ የተተረጐመ መመሪያ፣ መሣሪያውን የሚተክለውን ቴክኒሽያን ወደ ስሕተት ሊመራው እንደሚችል ከዚህ በታች እናሳያለን።

ምሳሌዎቻችንን የምንወስደው ከመካነ ሰላምና ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ነው። ለዚህ ምርጫ ሁለት ምክንያቶች አሉን። አንደኛው መልክዐ ምድሩ ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ በ2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች የቦረና ከተማ ስትሆን፣ አገሩ በስተምዕራብ እየተቈረሰ ወደ ዐባይ ሸለቆ ይወርዳል። በዐይን የሚታይ ማዶ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ በሚሆንበት በእንዲህ ያለ አገር፣ ዝናምን፣ ሙቀትንና የአፈርን ርጥበት እየለኩ በሬዲዮ የሚያስተላልፉ ትንንሽ መሣሪያዎች የሚሰጡት ጥቅም ግልጽ ነው። በመካነ ሰላምና በቱሉ አውሊያ የሚያስተምረው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ አካባቢ ስላለ፣ ጥያቄው ለነገ የሚባል አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት የቋንቋው ነው። በዚህ ደጋ ዘርና እርሾ የዕለት ተዕለት ኑሮ ቃላት ናቸው፤ ገበሬው በበልግና በመኸር ዘር ይመርጣል፣ ከጎረቤት ይለውጣል፣ ያበድራል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተሰባጥሮ በሚኖርበት በወሎ ደግሞ፣ ከዐረብኛ የመጡ ቃላት ከግእዝ ከተወረሱት ጋር ጎን ለጎን ይነገራሉ። የምንመርጠው ስያሜ በቤተ ሙከራ ውስጥ ላለው ብቻ ሳይሆን፣ በማሳው ዳር መሣሪያውን ለሚጠብቀውም ሰው ትርጕም እንዲሰጥ ያስፈልጋል።

፪. መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ስያሜ ከመስጠት በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባል። በየማሳው የሚተከለው ዳሳሽ (ሴንሰር) በውስጡ ማይክሮኮንትሮለር የሚባል፣ ለተወሰነ ሥራ ብቻ የታዘዘ ትንሽ ኮምፒውተር አለው። ይህ ኮምፒውተር የመጻፊያ ገበታም የማሳያ መስኮትም የለውም፤ ይነቃል፣ ይለካል፣ ውጤቱን በሬዲዮ ይልካል፣ ተመልሶ ይተኛል።

በመካነ ሰላም ዙሪያ እንዲህ ያሉ 40 መሣሪያዎች ተተክለው ወደ አንድ የመቀበያ አንቴና መልእክት ይልካሉ እንበል። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ቢልኩ መልእክቶቹ በአየር ላይ ይጋጫሉ፤ ተቀባዩም አንዱንም ሳይሰማ ሊቀር ይችላል። የዚህ መድኀኒት ከታወቀ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረውና ደሴቶችን በሬዲዮ ያገናኘው «አሎሃ» የተባለው መረብ በተከተለው ሥርዐት፣ መልእክቱ የተጋጨበት እያንዳንዱ መሣሪያ ከሌሎቹ ጋር ሳይመካከር ለተወሰነ ጊዜ ይቆይና እንደገና ይልካል። አንዱ 7 ሰኮንድ፣ ሌላው 31 ሰኮንድ ቢቆዩ ሁለተኛው ግጭት ይቀራል።

ይህን የመቆያ ጊዜ የሚመርጠው ማን ነው? ኮምፒውተር የታዘዘውን ብቻ የሚፈጽም በመሆኑ በራሱ ዕጣ መጣል አይችልም። የሚችለው፣ ሥርዐት የለሽ የሚመስሉ ቁጥሮችን በስሌት ማውጣት ነው። ስሌቱ ከአንድ ቁጥር ይነሣል፤ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከሁለተኛው ሦስተኛውን እያወጣ ይቀጥላል። መነሻው አንድ ከሆነ ተከታዩ ሁሉ አንድ ነው። እንግሊዝኛው «ሲድ» የሚለው ይህን መነሻ ነው።

እንግዲህ 40ዎቹ መሣሪያዎች አንድ ፕሮግራም ተጭኖባቸው የሁሉም መነሻ አንድ ቢሆን፣ የከተማው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በአንድነት ይነቃሉ፤ በአንድነት ይልካሉ፤ ይጋጫሉ። ከዚያም ሁሉም እኩል 17 ሰኮንድ ይቆዩና እንደገና ይጋጫሉ፤ እኩል 28 ሰኮንድ ይቆዩና ደግመው ይጋጫሉ። ዝናሙ ዘንሟል፤ ተለክቷልም፤ ወደ መዝገብ ግን አልገባም። ይህ እንዲሆን የፕሮግራሙ ጸሓፊ ክፉ ነገር መሥራት አያስፈልገውም፤ መርሳቱ ብቻ ይበቃል። «ሲ» በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ደንብ መሠረት፣ ጸሓፊው መነሻ ሳይሰጥ ቁጥር ቢጠይቅ ቋንቋው ራሱ 1ን መነሻ አድርጎ ይሠራል። የረሱ ሁሉ አንድ መነሻ ይኖራቸዋል ማለት ነው።

፫. ከባሕረ ሐሳብ የሚገኝ ማብራሪያ

በስሌት የሚገኝ፣ ግን ሥርዐት የሌለው የሚመስል የቁጥር ተርታ ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። ተድባበ ማርያምን የመሰሉ ጥንታውያን አድባራት ባሉበት በዚሁ በምዕራብ ወሎ ምድር የባሕረ ሐሳብን ስሌት የሚያውቅ ካህን ሁሉ ይህን በየዓመቱ ይሠራዋል። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ተካፍሎ ከቀሪው አንድ ሲቀነስ ወንበር ይገኛል፤ ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚቀረው አበቅቴ ነው። ለምሳሌ የ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7517 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይቀራል፤ ወንበሩ 11 ይሆናል፤ 11 በ11 ሲባዛ 121፣ በ30 ሲገደፍ 1። ስለዚህ የ2017 ዓ.ም. አበቅቴ 1 ነው።

በዚህ ስሌት ከ2013 እስከ 2019 ዓ.ም. ያሉት ዓመታት አበቅቴ በተከታታይ 17፣ 28፣ 9፣ 20፣ 1፣ 12፣ 23 ይሆናል። ስሌቱን የማያውቅ ሰው ይህን ተርታ ቢያይ ቁጥሮቹ እንደ መጣ የተጻፉ ይመስሉታል። የሚያውቀው ግን ከማንኛውም ዓመት ተነሥቶ የወደፊቱንም ያለፈውንም ይናገራል፤ ከ19 ዓመት በኋላም ተርታው እንደገና ከመጀመሪያው እንደሚጀምር ያውቃል።

በኮምፒውተር የሚሠራባቸው የቁጥር አመንጪዎች ከዚህ የራቁ አይደሉም። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ዴሪክ ሌመር እ.ኤ.አ. በ1949 ያቀረበው ስልት፣ ያለውን ቁጥር በአንድ በታወቀ ቁጥር አባዝቶ፣ በሌላ ትልቅ ቁጥር ገድፎ፣ ቀሪውን ለሚቀጥለው መነሻ ማድረግ ነው። በ«ሲ» ቋንቋ ደንብ ውስጥ በምሳሌነት የተሰጠው አመንጪ ያለውን ቁጥር በ1,103,515,245 ያበዛል፤ 12,345 ይጨምርበታል፤ ከዚያ ይገድፋል። ቁጥሮቹ ስለ ገዘፉ ዑደቱ ከ19 እጅግ ይረዝማል እንጂ ጠባዩ አንድ ነው። ሁለቱ የታሪክ ዝምድና እንዳላቸው መናገራችን አይደለም፤ ባሕረ ሐሳብም የተደረሰው በዓላትንና አጽዋማትን ለማውጣት እንጂ ዕጣን ለመምሰል አይደለም። ንጽጽሩ የሚያስተምረን፣ ያልታወቀ መሆንና ያልተወሰነ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ስያሜያችንም ይህን ልዩነት መጠበቅ አለበት።

ከዚህ ሌላ የምንማረው አለ። ዛሬ ለሒሳብ ደንብ ሁሉ የምንጠራበት «ቀመር» በባሕረ ሐሳብ የዘመን ስሌት ቃል ነው፤ ኮምፒውተር የሚከተለውን የአሠራር ቅደም ተከተል «ስልተ ቀመር» ስንል፣ ነባር ቃል ጠባዩን ሳይለቅ አዲስ ሥራ እንደሚይዝ እያሳየን ነው። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ አካዳሚ ከተቋቋመ ወዲህ በተደረገው የስያሜ ሥራም፣ ነባሩን ቃል አስቀድሞ መፈተን የሚጠቅም መንገድ ሆኖ ተገኝቷል።

፬. «ራንደም»ን ምን እንበለው?

ለዚህ ፅንሰ ሐሳብ ሦስት ቃላት ይወዳደራሉ፤ «ዘፈቀደ»፣ «ዕጣ» እና «ነሲብ»።

«ዘፈቀደ» ከግእዝ የመጣ ነው። «ዘ» የሚለው አገናዛቢና «ፈቀደ» የሚለው ግሥ ተጋጥመው «የፈቀደውን፣ የወደደውን» የሚል ትርጕም ይሰጣሉ። በአማርኛም «በዘፈቀደ ሠራ» ስንል ሕግ ሳይከተል እንደ ወደደ አደረገ ማለታችን ነው። በቃሉ ውስጥ ፈቃድ ያለው አድራጊ አለ። ይህ ለኮምፒውተር ፈጽሞ አይስማማም፤ ኮምፒውተሩ ፈቃድ የለውም፤ ሕግንም አልተላለፈም፤ እንዲያውም ከሕጉ አንዲት ነጥብ ሳይወጣ ነው የሠራው።

«ዕጣ» የተሻለ ይመስላል፤ ምክንያቱም ማንም አስቀድሞ የማያውቀውን ውጤት ያመለክታል። ነገር ግን ዕጣ የሚጣለው ለባለ ዕጣ ነው፤ መሬት፣ ተራ ወይም ገንዘብ የሚደርሰው ሰው አለ። በዕቁብ እንደሚታወቀውም አንድ ጊዜ ዕጣ የወጣለት አባል ዙሩ እስኪያልቅ ድረስ አይወጣለትም። እኛ የምንፈልገው ቁጥር ግን አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ መውጣት የሚችል ነው። ዕጣ የሚለው ቃል ስለዚህ ያልተፈለገ ደንብ ይዞ ይገባል።

«ነሲብ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ድርሻ፣ ለሰው የተመደበለት ዕድል ማለት ነው። በአማርኛ ግን «በነሲብ» ስንል ሳያዩ፣ ሳይለዩ፣ በግምት ማለት ነው። አድራጊው አልመረጠም፤ ዕድለኛም የለም። በስታቲስቲክስና በጥናት ጽሑፎች ውስጥ «የነሲብ ናሙና» የሚለው አነጋገር የተለመደ በመሆኑ፣ በተርጓሚዎች ዘንድ ቦታውን ይዟል። ስለዚህ ለ«ራንደም» «ነሲብ» የሚለው እንዲጸና እንመርጣለን።

፭. «ሱዶ» የሚለውን ቅጥያ በተመለከተ

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው፣ በስሌት የወጣውንና ነሲብ የሚመስለውን ቁጥር ከእውነተኛው ነሲብ መለየት ነው። «ሐሰተኛ ነሲብ» ቢባል ነገሩ የተበላሸ፣ ወይም ሰውን ለማታለል የተሠራ ያስመስለዋል። «አስመሳይ ነሲብ»ም ከዚሁ አያመልጥም፤ «አስመሳይ» በአማርኛ ያልሆነውን ነኝ የሚል ሰው ጠባይ ነው። የቁጥር አመንጪ ግን ነውር የለበትም፤ ለብዙ ሥራ ከእውነተኛው ነሲብ ይልቅ ተፈላጊ ይሆናል። አንድ ፕሮግራም በሙከራ ላይ ቢሳሳት፣ ስሕተቱን ደግሞ ለማየት ያንኑ መነሻ ሰጥቶ ያንኑ ተርታ ማስወጣት ይቻላል፤ በእውነተኛ ነሲብ ይህ አይሆንም።

የምናቀርበው «ነሲብ መሰል» የሚለውን ነው። «ሰው መሰል»፣ «እንቁላል መሰል» እንደምንለው፣ «መሰል» ነገሩ በመልክ እንደሚቀርብና በባሕርይ ግን ሌላ እንደ ሆነ ያለ ወቀሳ ይናገራል። የአማርኛን የቃላት አሰካክም የተከተለ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ «ነሲብ መሰል ቁጥር»፣ ስሌቱም «ነሲብ መሰል ቁጥር አመንጪ» ይባል እንላለን። ከተርጓሚዎች አንዳንዶቹ ለማሳጠር «ነሲብ ቁጥር» ብቻ ብለው ሊያልፉ ይችሉ ይሆናል፤ ይህ ግን መቈጠብ የሌለበት ቃል ነው። መሣሪያውን የሚተክለው ሰው መነሻ እንዲሰጥ የሚያስታውሰው «መሰል» የሚለው ነውና።

፮. «ሲድ»ን ምን እንበለው?

እዚህ ላይ የሚወዳደሩት ብዙ ናቸው።

«መነሻ ቁጥር» የሚለው ግልጽ ነው፤ እኛም እስካሁን ለማብራሪያ ያህል በ«መነሻ» ስንገለገል ቆይተናል። ጕድለቱ የተርታው የመጀመሪያ ቁጥር መስሎ መታየቱ ነው። ከአመንጪው የሚወጣው የመጀመሪያው ቁጥር ግን ከመነሻው የተሰላ እንጂ መነሻው ራሱ አይደለም። «ወንበር» የሚለው የባሕረ ሐሳብ ቃል ለሥራው እጅግ ይቀርባል፤ ሆኖም ከሊቃውንቱ ውጭ ላለው አንባቢ ወንበር መቀመጫ ብቻ ነው።

«ወፍ ዘራሽ» የሚለውን ቃል አንዳንድ ሰዎች፣ ማንም ሳይሰጠው ከአካባቢው ለሚገኝ መነሻ ሊመርጡት ይችላሉ። ማንም ሳይዘራው በማሳ ዳር ለሚበቅለው ተክል ተስማሚ ስም መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ቃሉ አባቱ ላልታወቀ ልጅ መዝለፊያ ሆኖ ስለሚነገር፣ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ማግባቱ አይገባም።

የቀረው «ዘር» ነው። ገብስ የዘራ ገብስ ያጭዳል፤ ከዘሩ ዓይነት የምርቱ ዓይነት ይታወቃል። ዘሩ አፈር ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ በዐውድማው ላይ የምናየው እርሱን ሳይሆን ከእርሱ የተገኘውን ነው። «መነሻ ቁጥር» ያጐደለውን «ዘር» ይሞላዋል። በሰዋስው ትምህርትም «ሳቢ ዘር»፣ «ጥሬ ዘር» ስንል፣ ቃል ከሌላ ቃል በታወቀ ደንብ እንደሚወጣ መናገራችን ነው። በሥነ ሕይወትም «ዘረመል» የሚለው ስያሜ ተለምዷል። ቃሉ ስለዚህ ለፅንሰ ሐሳባዊ ሥራ የተፈተነ ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች ግን ያስፈልጋሉ። አንደኛው፣ «ዘር» ትውልድንና ጐሣንም ስለሚያመለክት፣ «የዘር ቁጥር» የሚለው አነጋገር ሌላ ነገር ሊያሳስብ ይችላል። ስለዚህ በጽሑፍ መጀመሪያ ላይ «የአመንጪው ዘር» ብሎ ባለቤቱን መናገር፣ ከዚያ በኋላ «ዘር» ብቻ ማለት ይበቃል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የግሡ ነው። እንግሊዝኛው ስሙንም ግሡንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ፣ ተርጓሚው «አመንጪውን ዝራ» ሊል ይችላል። ግእዝ «ዘርአ» (ዘራ) እና «ዘረወ» (በተነ) ብሎ ሁለት ግሥ ሲኖረው፣ የአማርኛው «ዘራ» የሁለቱንም ትርጕም ይዟል፤ «ገንዘቡን ዘራው»፣ «ወሬ ዘራ» የሚሉት አነጋገሮች ከመበተን ጋር የተያያዙ ናቸው። ለአመንጪ የሚሰጠው ግን አንድ ቁጥር ነው፤ የሚበተን ነገር የለም። «ካልዘሩ አንድ ዓይነት ያገኛሉ» የሚል መመሪያ ያነበበ ገበሬም ሆነ ቴክኒሽያን፣ ካልዘራ ምንም እንደማያገኝ ያውቃልና ግራ ይጋባል። ስለዚህ ግሡ «ዘር መስጠት» ይሁን፤ በሥራ መካከል ሌላ መስጠት ሲያስፈልግ ደግሞ ገበሬው እንደሚለው «ዘር መለወጥ» ይሁን።

፯. ዘሩ ከየት ይገኛል? ስለ «እርሾ»

ስያሜው ቢስተካከልም፣ ለ40 መሣሪያዎች 40 የተለያዩ ዘሮች ከየት እንደሚገኙ መመሪያው መናገር አለበት። እዚህም ተርጓሚው ስያሜ ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ምንጭ በፋብሪካ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተሰጠው መለያ ቁጥር ነው። ይህ መሣሪያን ከመሣሪያ ይለያል፤ ነገር ግን መሣሪያው በነቃ ቁጥር ያው ስለ ሆነ፣ የትናንቱ ተርታ ዛሬም ይደገማል። ሁለተኛው ሰዓት ነው፤ ባትሪ የሌለው ሰዓት ግን መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ከአንድ ቦታ ስለሚጀምር ብቻውን አያስተማምንም።

ሦስተኛው ምንጭ የኤሌክትሪክ ጫጫታ ነው። ከምንም ጋር ያልተገናኘ የመለኪያ ፒን በአካባቢው ባለው የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የተነሣ የሚዋዥቅ ቁጥር ያሳያል። በተማሪዎች ዘንድ በሰፊው በሚታወቀው አርዱዊኖ ኡኖ በተባለው ሰሌዳ ላይ ይህን ንባብ እንደ ዘር መስጠት የተለመደ ነው። ሆኖም ንባቡ ከ0 እስከ 1,023 ብቻ ስለሚደርስ፣ ሊኖሩ የሚችሉት ዘሮች ከ1,024 አይበልጡም። ሁሉም እኩል የመውጣት ዕድል ቢኖራቸው እንኳ፣ ከ40 መሣሪያዎች መካከል ቢያንስ ሁለቱ አንድ ዘር የማግኘታቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። በተግባር ደግሞ ንባቡ በጥቂት ቁጥሮች ዙሪያ ስለሚመላለስ ነገሩ ከዚህ ይከፋል። ስለዚህ አንድ ንባብ ብቻ መውሰድ አይገባም፤ ብዙ ጊዜ አንብቦ ከእያንዳንዱ ንባብ እጅግ የሚዋዥቀውን የመጨረሻ አኃዝ እያጠራቀሙ ማዋሐድ ያስፈልጋል። አንዳንድ ማይክሮኮንትሮለሮች ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ የነሲብ ምንጭ በውስጣቸው አላቸው፤ ባለበት ቦታ እርሱ ይመረጣል።

አራተኛው ምንጭ ለቋንቋችን የሚያስደስት ነው። መሣሪያው መብራት ቢጠፋም በማይጠፋ ትውስታ ውስጥ አንድ ቁጥር ያስቀምጣል። ሲነቃ ያን ቁጥር ያነባል፤ ከመለያ ቁጥሩና ከጫጫታው ጋር ያዋሕደዋል፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ንቃት የሚሆን አዲስ ቁጥር አውጥቶ በቦታው ይተካል። ካለፈው ሊጥ ጥቂት አስቀርቶ የሚቀጥለውን ማቡካት ማንኛዋም የወሎ እናት የምታውቀው ሥራ ነው፤ ስሙም «እርሾ» ነው። ስለዚህ በቋሚ ትውስታ ተቀምጦ ከአንዱ ንቃት ወደ ሌላው የሚተላለፈውን ዘር «እርሾ» እንዲባል እናቀርባለን።

ቃሉ ጥንቃቄዎቹንም ይዞ ይመጣል። እርሾ ካልተተካ ያልቃል፤ መሣሪያውም አዲሱን እርሾ መጻፍ ያለበት በአሮጌው ከመሥራቱ በፊት ነው፤ አለዚያ በመካከል መብራት ቢጠፋ በአሮጌው ደግሞ ይነሣል። ከአንድ ማሰሮ የተቀዳ እርሾ ሁሉ አንድ ነው፤ የአንዱ መሣሪያ ትውስታ እንዳለ ወደ 40ዎቹ ቢገለበጥ፣ እርሾ መኖሩ ብቻውን አያድንም። መተካቱም ልክ አለው፤ በአርዱዊኖ ኡኖ ውስጥ ያለው ቋሚ ትውስታ በአምራቹ የተመደበለት የመጻፍ ብዛት 100,000 ጊዜ ነው። በየንቃቱ አንዴ መጻፍ ብዙ ዓመት ያስኬዳል፤ በየሰኮንዱ መጻፍ ግን ከ28 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይጨርሰዋል።

፰. የስሕተቱ ዋጋ

የዝናም መዝገብ መጕደል ቀላል ጕዳት አይደለም፤ ነገር ግን ነሲብ መሰል ቁጥሮች የምስጢር ቁልፍ ለማውጣትም ስለሚያገለግሉ ጕዳቱ ከዚህ ሊሰፋ ይችላል። ዴቢያን በተባለው የኮምፒውተር ሥርዐት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገ አንድ ለውጥ ምክንያት፣ ለቁልፍ ማውጫው ከሚሰጡት ዘሮች ተለዋዋጭ ሆኖ የቀረው የሂደት መለያ ቁጥር ብቻ ነበር። ስሕተቱ በ2008 ሲገለጥ፣ በአንድ የኮምፒውተር ዓይነት ላይ ለአንድ ዓይነትና መጠን ቁልፍ ሊወጡ የሚችሉት ቁልፎች ከ32,768 እንደማይበልጡ ታወቀ። አንድ ተንኰለኛ ሁሉንም አስቀድሞ አውጥቶ ሊፈትናቸው ይችል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የካሊፎርኒያ ሳን ዲየጎና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመላው ዓለም በይነ መረብ ላይ የሚታዩትን ቁልፎች ሰብስበው ሲያነጻጽሩ፣ ከድረ ገጽ ምስጢር መጠበቂያ አስተናጋጆች መካከል የ0.50 በመቶውን የምስጢር ቁልፍ ማስላት ቻሉ። ደካሞቹ ቁልፎች በአብዛኛው የተገኙት እንደ ራውተር ባሉ፣ በውስጣቸው ትንሽ ኮምፒውተር በያዙ መሣሪያዎች ላይ ነበር። ምክንያቱም መሣሪያዎቹ እንደ ነቁ፣ በቂ ጫጫታ ሳያጠራቅሙ ቁልፍ ማውጣታቸው ነው። ስለዚህ መመሪያ ተርጓሚው አንድ ነገር ማስገንዘብ አለበት፤ ለመቆያ ጊዜ የሚበቃ አመንጪ ለምስጢር አይበቃም። እንደ ሌመር ያለው ስልት ጥቂት ቁጥሮች ካዩ በኋላ ቀጣዩን ለማስላት የሚያስችል ስለ ሆነ፣ ለምስጢር ሥራ የተለየ አመንጪ ያስፈልጋል።

፱. የቀረቡት ስያሜዎች

ከዚህ በላይ በተሰጡት ምክንያቶች የሚከተሉትን ስያሜዎች ለባለሙያዎች አስተያየት እናቀርባለን፤

ነሲብ፦ ማንም ሳይመርጠው የሚሆንና አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል የውጤት ጠባይ።

ነሲብ መሰል ቁጥር፦ በስሌት የወጣ፣ ሲታይ ነሲብ የሚመስል፣ ዘሩን ለሚያውቅ ግን የታወቀ ቁጥር።

ነሲብ መሰል ቁጥር አመንጪ፦ ከአንድ ዘር ተነሥቶ ነሲብ መሰል ቁጥሮችን በተርታ የሚያወጣ ስልተ ቀመር፤ በአጭሩ «አመንጪ»።

ዘር፦ አመንጪው ስሌቱን የሚጀምርበት ቁጥር። አንድ ዘር በአንድ አመንጪ ሁልጊዜ አንድ ተርታ ይሰጣል።

ዘር መስጠት፦ አመንጪው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዘሩን መወሰን። «መዝራት» አይባልም።

ዘር መለወጥ፦ በሥራ ላይ ላለ አመንጪ ሌላ ዘር መስጠት።

እርሾ፦ በቋሚ ትውስታ ተቀምጦ ለሚቀጥለው ንቃት የሚተላለፍ፣ በየንቃቱም የሚተካ ዘር።

ዑደት፦ ተርታው ተመልሶ ራሱን እስኪደግም የሚወጡት ቁጥሮች ብዛት። በባሕረ ሐሳብ «ዐውድ» የሚለው ለዚህ ቢቀርብም፣ በቋንቋ ጥናት ሌላ ሥራ ስለ ያዘ አልመረጥነውም።

አጠቃቀሙን ለማሳየት አንድ ዐረፍተ ነገር በሁለት መንገድ እናስቀምጥ። «ፕሮግራሙ ዘፈቀደ ቁጥሮችን ስለሚጠቀም መሣሪያዎቹ አይጋጩም» የሚለው ለጆሮ አይከብድም፤ ግን አንባቢውን ያዘናጋዋል። «አመንጪው የሚሰጠው ነሲብ መሰል ቁጥሮችን ስለ ሆነ፣ መሣሪያዎቹ እንዳይጋጩ ለእያንዳንዱ የየራሱን ዘር ይስጡ» የሚለው ግን ቃላቱ ራሳቸው ሥራውን እንዲያዙ ያደርጋል። የስያሜ ሥራ ዓላማው ይህ ነው።

ጫጫታው ምን ያህል ነሲብነት እንዳለው የሚለካበት፣ በእንግሊዝኛ «ኢንትሮፒ» የሚባለው ፅንሰ ሐሳብ ገና የአማርኛ ስም አላገኘም። ከሥነ ሙቀት ትምህርት ጋር የሚጋራው ትርጕም ስላለው ለብቻው መመርመር ይገባዋል። አንባብያን በየአካባቢያቸው የሚነገሩ፣ ለዚህ ሊያገለግሉ የሚችሉ ቃላትን ከነአገባባቸው ቢልኩልን፣ በሚቀጥለው ውይይት እናቀርባቸዋለን።